ታስሮ የጮኸው ውሻ

ፍርዱ የተሰጠው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው፤ እኔ ገና የሞቱትን ቆጥሬ አልጨረስኩም። አሥራ አንድ ቄብ ዶሮ። አብዛኞቹ አንገታቸው ላይ ተነክሰዋል፣ ሁለቱ ጭንቅላት የላቸውም፣ የቀሩት የተኙ ይመስላሉ። ሁሉም የዶሮ ቤቱ ወለል ላይ ተረፍርፈዋል። ጎረቤቴ፣ ዕድሜ የጠገቡ እናት፣ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው አንድ ጊዜ አዩና «ውሻው ነው ልጄ» አሉኝ። «ውሻና ዶሮ አንድ ግቢ አይኖሩም ብዬህ አልነበረም?»

ተከሳሹ መቻል ይባላል። በዚያች ሰዓት ግቢ በሩ ሥር፣ ሁለት ሜትር በማትሞላ ሰንሰለት ታስሮ ነበር። ሌሊቱንም እንዲሁ ታስሮ ነው ያደረው። ከበሩ እስከ ዶሮ ቤቱ ድረስ የግቢው ሙሉ ርዝመት አለ። ሰንሰለቱን በእጄ አሳየኋቸው። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቅንቀው ገቡ፤ ፊታቸው ላይ «በልቶ ተመልሶ ይሆናላ» የሚል ነገር ያየሁ መሰለኝ።

ማስረጃው ከዚህም የከፋ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ መቻል ጮኾ ነበር። በመንገድ ለሚያልፍ ሰው የሚጮኸውን ዓይነት አልነበረም፤ ሰንሰለቱን እየጎተተ፣ እየታነቀ፣ መሀል ላይ እያለቃቀሰ ነበር የሚጮኸው። እኔ መስኮት ከፍቼ «ዝም በል!» አልኩትና ተመልሼ ተኛሁ። ዶሮ ከማስገባቴ በፊት መቻል ማታ ማታ ይፈታ ነበር። ሌሊትም እንዲታሰር ያደረግኩት ይህንኑ የጎረቤቴን ምክር ሰምቼ ነው። ዘበኛውን አሰርኩት፣ ሌባ ሲመጣ ጮኸ፣ ዝም አሰኘሁት፤ ጠዋት ሌብነቱ በእሱ ተሳበበ።

ጎረቤቴን አልወቅስም። እሳቸው የተናገሩት አገር የሚናገረውን ነው። ቄቦቹን የሸጠልኝ ነጋዴ «ውሻ አለህ እንዴ?» ብሎ በሐዘኔታ አይቶኛል። የዶሮ ቤቱን የሠራልኝ አናጢም «ውሻውን ብትሰጠው ይሻላል» ብሎኛል። ውሻ በተፈጥሮው ዶሮ በላ ነው፣ የውሻ ሥራ ሰው ሌባ መጠበቅ ነው፣ ለሸለምጥማጥ ደግሞ መፍትሔው መርዝ ነው የሚለው እምነት ከገጠር እስከ ከተማ ያለ ማንም ተቃውሞ ይኖራል። እኔ ግን ይህ እምነት ከሸለምጥማጥ ይልቅ ብዙ ዶሮ የፈጀብን ይመስለኛል፤ ምክንያቴንም ልናገር።

መጀመሪያ የገዳዩን ማንነት እናጣራ። አውሬ ሁሉ የራሱ ፊርማ አለው፤ ማንበብ አለመቻላችን ነው ውሻን የሁልጊዜ ተከሳሽ ያደረገው። ጭልፊት በቀን ይመጣል፣ አንዲት ጫጩት ነጥቆ ይሄዳል፣ ደም አይተውም። አይጥ ትንንሽ ጫጩቶችን በሌሊት ወደ ጉድጓዷ ስትጎትት ጠዋት ቁጥሩ ጎድሎ ከማግኘት ሌላ ምልክት የለም። ጅብ ቀዳዳ ፈልጎ አይሽሎከለክም፤ በሩን ይሰብራል። ውሻ ሲገድል ግቢው በሙሉ ላባ ይሆናል፤ ጀርባና ታፋ ይታኘካል፣ ሬሳው ከዶሮ ቤቱ ውጭ እየተጎተተ እዚህም እዚያም ይጣላል። ሸለምጥማጥና ሙጭልጭላ ደግሞ አንገትና ጭንቅላት ላይ ናቸው። በጠባብ ቤት ውስጥ ዶሮዎቹ ሲራወጡ የአዳኙ አፍ አይቆምም፤ አንዷን በልቶ ይጠግባል፣ አሥሯን ግን ይገድላል። ይህ «ክፋት» አይደለም፤ ዱር ውስጥ የማምለጫ መንገድ ያላት ወፍ እንጂ በአራት ግድግዳ የታጠረች አሥራ አንድ ወፍ አያጋጥመውም።

እኔ ቤት በቆርቆሮውና በግድግዳው መሀል አራት ጣት ጎን ለጎን የምታስገባ ክፍተት ነበረች። የሸለምጥማጥ ጭንቅላት ካለፈ አካሉ ይከተላል። ክፍተቷን ያገኘኋት በማግስቱ ነው፤ ቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ግራጫ ጠጉር ተሰክቶ ነበር። ጠጉሩን ወስጄ ለጎረቤቴ ባሳያቸው «የመቻልን አንገት ሂድና እይ፣ ያው ግራጫ ነው» አሉኝ። መቻል ቡናማ ነው።

አሁን ሐቁን ሳልሸሽግ ልናገር፤ ውሻ ዶሮ ይገድላል። የሚገድለውን በዓይኔ አይቻለሁ። ግን የትኛው ውሻ ነው የሚገድለው? የእኛ ውሻ እንዴት እንደሚያድግ ልብ በሉ። ሁለት ወር ሲሞላው ከእናቱ ይነጠላል፣ ግቢ በር ሥር በገመድ ይታሰራል፣ ገመዱ ሲያረጅ በሰንሰለት ይተካል። ኃይለኛ እንዲሆን ተብሎ ከሰውም ከከብትም እንዲርቅ ይደረጋል፤ ሚጥሚጣ የሚያበሉትም አሉ። ዶሮ ከሩቅ ሲያይ ነው የኖረው። አንድ ዓመት ሲሞላው አንድ ቀን ሰንሰለቱ ይበጠሳል፤ ፊቱ ላይ እየተንጫጫ፣ ክንፉን እያራገበ የሚሮጥ ነገር ያያል። በሕይወቱ ያልተጫወተ ጎረምሳ ነው። ተጫወተበት። ዶሮዋ ሞተች። «አላልኩም?» ተባለ። ይህን ካየ በኋላ ዶሮና ውሻ አይስማሙም ብሎ የሚደመድም ሰው፣ ልጁን አሥር ዓመት ቤት ቆልፎ አሳድጎ ገበያ ሲለቀው ቢጠፋበት «ልጅና ገበያ አይስማሙም» እንደሚል ሰው ነው።

በገጠሩ ነገሩ የባሰ ግራ ነው። ዶሮዎቻችን ማታ ሰው ቤት ውስጥ ቆጥ ላይ ያድራሉ፤ ውሻው ደጅ። በሃይማኖትም በልማድም ውሻ ቤት አይገባም። ስለዚህ ጠባቂውና ተጠባቂው በአንድ ግቢ ውስጥ እየኖሩ አይተዋወቁም። ውሻውን ከዶሮ ጋር አስተዋውቀን ሳይሆን ለይተን አሳድገን፣ ሲገናኙ የሚሆነውን «ተፈጥሮ» እንላለን።

ተፈጥሮ የሚባለውን ነገር በሙከራ ያጠኑ ሰዎች አሉ። አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ሃምፕሻየር ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ሬይመንድ ኮፒንገር ከባለቤቱ ከሎርና ጋር ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ከጣሊያን፣ ከዩጎዝላቪያና ከቱርክ የበግ ጠባቂ ውሻ ዘሮችን አምጥተው ለገበሬዎች እያደሉ ይከታተሉ ነበር። የደረሱበት ነገር ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። የውሻ ባሕርይ የሚቀረጸው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ በዚያ ጊዜ ከማን ጋር ከዋለ ከእሱ ወገን ይሆናል። ከበግ ጋር ያደገ ቡችላ በግን ዘመዱ ያደርጋል፤ ሰንሰለት ላይ ያደገ ቡችላ ዘመዱ ሰንሰለቱ ነው። ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚደረገው ሁሉ ጥገና ነው።

አባቶቻችን ይህን በሦስት ቃል ጨርሰውት ነበር፤ ውሻ በበላበት ይጮኻል። ይህን ተረት ሁላችንም የምንጠቅሰው ሆዱ ለሚያዘው ሰው ነው፣ ለስድብ። እስቲ አንድ ጊዜ ቃል በቃል እንውሰደው። የውሻው ሳህን የት ነው ያለው? ግቢ በሩ ጋ። ታዲያ ለምን ዶሮ ቤቱ ጋ ይጮኻል ብለን እንጠብቃለን? የሳህኑን ቦታ ማዛወር ምንም ወጪ የለውም። እኔ ካዛወርኩት ጥቂት ወራት ሆኖኛል።

«የፈረንጅ ውሻ ሌላ ነው፣ የእኛው ዘር የለውም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ በየሻይ ቤቱ ሰምቼዋለሁ። በ1985 እ.ኤ.አ. ሃል ብላክና ጄፍሪ ግሪን የተባሉ ተመራማሪዎች የናቫሆ ሕዝብ በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ በጎቹንና ፍየሎቹን እንዴት እንደሚያስጠብቅ ጽፈዋል። ናቫሆዎች የሚጠቀሙት ዘሩ የተቀላቀለ፣ ማንም የማይገዛው ተራ ውሻ ነው። ምስጢሩ ቡችላው ገና ትንሽ ሳለ ከበጎቹና ከፍየሎቹ ጋር በረት ውስጥ መግባቱ ብቻ ነው። ውሻው ኮዮቴን ይመልሳል። የናቫሆን ውሻ ፎቶግራፍ ያየ ሐበሻ «ይኼማ የሰፈራችን ቡቺ ነው» ማለቱ አይቀርም።

በተቃራኒው እኛ አገር ዘር አለው ተብሎ በብዙ ሺህ ብር የሚገዛው ጀርመን ሸፐርድ ለዶሮ የከፋ ምርጫ ነው። ሸፐርድ የሚለው ስሙ እረኛ ማለት ነው እንጂ ዘበኛ ማለት አይደለም። የእረኛ ውሻ ሥራው መንጋን ማባረር፣ መክበብ፣ ማዞር ነው፤ ለዘመናት የተመረጠው የሚሮጠውን እንዲከተል ነው። የሚያባርር ውሻና የሚራወጥ ዶሮ አንድ ግቢ ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ለመገመት ጠንቋይ አያስፈልግም። ጠባቂ ዘሮች ማለትም የጣሊያኑ ማሬማ፣ የቱርኩ ካንጋል ግን የተመረጡት እንዳያባርሩ ነው። ቀኑን ሙሉ ተጋድመው ይውላሉ፤ ሰነፍ ይመስላሉ። ለሐበሻ ዓይን እንዲህ ያለ ውሻ «ሞኝ» ነው፤ ይሸጣል ወይም ይባረራል።

ማሬማን ካነሳሁ የዶሮ ጠባቂ ውሻ ታሪክ ሁሉ እናት የሆነውን አልዘለውም። አውስትራሊያ ቪክቶሪያ ውስጥ ዋርናምቡል የምትባል ከተማ አለች። ከባሕሩ ዳር ትንሽ ደሴት አለች፤ ስሟ ሚድል አይላንድ ነው። በደሴቷ ላይ ትንንሽ ፔንግዊኖች ይራባሉ። ባሕሩ ሲሸሽ ቀበሮ እየተሻገረ ጨረሳቸው፤ 800 ያህል የነበሩት በ2005 እ.ኤ.አ. ከ10 አይበልጡም ነበር። መፍትሔውን ያመጣው ሳይንቲስት አይደለም፤ አለን ማርሽ የሚባል ዶሮ አርቢ ነው። የሰፈሩ ሰው «ስዋምፒ» ይለዋል። እሱ በክፍት ሜዳ የሚያረባቸውን ዶሮዎች በማሬማ ውሻ ያስጠብቅ ነበር፤ ለዶሮ የሠራ ለፔንግዊን ይሠራል አለ። በ2006 አንዷ ውሻው ደሴቷ ላይ ገባች። ፔንግዊኖቹ ተመለሱ። በ2015 ፊልም ተሠራበት።

ፊልሙ ግን ያላሳየው አንድ ነገር አለ፤ የእኔ ክርክር የሚቆመው ደግሞ እሱ ላይ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ውሾቹ ደሴቷ ላይ ያልነበሩባቸው ቀኖች ነበሩ። ቀበሮ ገባ። ወደ 140 ፔንግዊን አለቀ። አሥራ አንድ ዓመት የሠራ ጥበቃ ውሻው ሳይኖር ምንም ነው። ሰንሰለት ላይ ያለ ውሻም ያልኖረ ውሻ ነው። መቻል ሁለት ሜትሯን ይጠብቃል፤ በዚያች ሁለት ሜትር ውስጥ አንድም ዶሮ አልሞተም።

ሌሎች እንስሳትስ? በቅርቡ አንድ ወዳጄ «አህያ አቁም፣ አህያ ቀበሮ ታባርራለች» አለኝ። በሌላ አገር እውነት ነው፤ አህያ የውሻ ዘመድ የሆነ ነገር አትወድም፣ ትራገጣለች፣ ትነክሳለች፣ ለበግ ጥሩ ጠባቂ ትሆናለች። እኛ ዘንድ ግን እንጦጦ ግርጌ አህያ ጠባቂ ማቆም ለጅብ ራት ማቅረብ ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚለው ተረት ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ካለ፣ ሰሜን ኢትዮጵያ ውስጥ የጅብን ዓይነ ምድር የመረመሩ ተመራማሪዎች በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት አለ። በዐቢይ ጾም ከብት ስለማይታረድ ጅቡ የሚለቅመው ተረፈ ሥጋ ያጣል፤ ያኔ የሚበላው አህያ ይበዛል። ሁዳዴ ሲገባ ለባለ አህያ ልዩ ሥጋት ነው።

ዝይ ትጮኻለች፤ ጩኸቷ ታሪክ ሠርቷል። ሮማውያን በ390 ከክርስቶስ ልደት በፊት ጋሎች ካፒቶሊን ኮረብታን በሌሊት ሲወጡ ውሾቹ ተኝተው ዝዮቹ ቀስቅሰው እንዳዳኗቸው ይተርካሉ። ስኮትላንድ ውስጥ ደምባርተን ላይ የባለንታይን ውስኪ መጋዘን ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለበርካታ ዓመታት በዝይ ይጠበቅ ነበር። ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ግን ዝይ ደወል ናት። ቀስቅሳ ታበቃለች፤ ሸለምጥማጥ ሲገባ ራሷ ከሟቾቹ አንዷ ልትሆን ትችላለች። ጅግራም እንዲሁ። ጅግራ የራሳችን አገር ወፍ ናት፣ እንግዳ ነገር ካየች ሰፈሩን ታነሳሳለች፤ ግን ማታ ዛፍ ላይ ወጥታ ትተኛለች፣ ጭንቀቷ ለራሷ ነው። ደወል ሲጮኽ የሚነሳ ሰው ከሌለ ደግሞ፣ ከላይ እንደተናዘዝኩት፣ ደወሉ መስኮት ይከፈትለትና «ዝም በል» ይባላል።

ስለ ደወል ከተነሳ፣ የከተማ ዶሮ አርቢ ብዙውን ጊዜ የሚጥለው አንድ ደወል አለ፤ አውራ ዶሮ። እንቁላል ለመሸጥ አውራ አያስፈልግም፣ ጎረቤት ያስነሳል፣ መኖ ይበላል ተብሎ ይታረዳል። ዶሮ ግን ሁለት ዓይነት የማስጠንቀቂያ ድምፅ እንዳለው በላቦራቶሪ ተመርምሯል። ከሰማይ ለሚመጣ አዳኝ የሚያሰማው አንድ ነው፤ ሴቶቹ ይህን ሲሰሙ ጎንበስ ብለው ወደ ቁጥቋጦ ይሸሻሉ። በእግሩ ለሚመጣው ደግሞ ሌላ ነው፤ ያኔ ቀና ብለው ዙሪያውን ይቃኛሉ። ጭልፊት ከሰማይ ሲወርድ ውሻ ሊያደርግ የሚችለው ነገር ትንሽ ነው፤ አውራው ግን ከውሻው ቀድሞ ያየዋል። የሐበሻ እናት ዶሮ ጫጩቶቿን ክንፏ ሥር አስገብታ ጭልፊትን ፊት ለፊት ስትገጥም ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከፋብሪካ የምትመጣው ጣይ ዶሮ ይህን ሁሉ አታውቅም፤ አታቅፍም፣ ያሳደገቻት እናት የላትም፣ አውራም የላትም። እሷን እንደ ሐበሻ ዶሮ ግቢ ውስጥ ለቅቆ «ውሻው በላት» ማለት ትንሽ ፌዝ አለበት።

አሁን ወደ መርዙ። በየገበያው በግልጽ በሚሸጥ የአይጥ መርዝ ወይም የተባይ መድኃኒት የተነከረ ሥጋ ጥሎ ሸለምጥማጥ መግደል ቀላል ነው፤ ማን እንደሚበላው መምረጥ ግን አይቻልም። የመጀመሪያው ተጠቂ ብዙ ጊዜ የጎረቤት ውሻ ነው። ቀጥሎ ሬሳውን የሚያነሳው ጥንብ አንሳ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ከአፍሪካ ጥንብ አንሳዎች አራቱ ዝርያዎች፣ በከተሞቻችን ቄራ ላይ የሚሰፍሩትን ጭምር ማለት ነው፣ በዓለም አቀፉ መዝገብ እጅግ አስጊ ደረጃ ላይ ተመድበዋል፤ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ መርዝ ነው። ሸለምጥማጥ ደግሞ ሌሊቱን ሁሉ ዶሮ አይበላም፤ አይጥ ይለቅማል። ሸለምጥማጡን ገድለን አይጡን ለጫጩቶቻችን እናሳድጋለን። ሌላ ሸለምጥማጥም ባዶውን ቦታ ይወርሳል፤ አራት ጣት የምታህለው ቀዳዳ እስካለች ድረስ ነገሩ አይለወጥም።

ናሚቢያ ውስጥ ሎሪ ማርከር የመሠረተችው የአቦ ሸማኔ ጥበቃ ፈንድ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለከብት አርቢዎች የቱርክ ጠባቂ ውሾች የሚያድለው በዚህ ምክንያት ነው። አርቢው ውሻ ካለው አቦ ሸማኔን መግደል ያን ያህል አያስፈልገውም። ውሻው ፍየሉን ብቻ አልጠበቀም፤ አዳኙንም ከጥይት ጠብቆታል። እኛ ጋ ግን አዳኙን በመርዝ እንፈጃለን፣ ውሻውም አብሮ ይሄዳል።

ለእኔ ክርክር ትልቁ እንቅፋት ግን ዶሮ አይደለም፤ እብድ ውሻ ነው። ይህን ሳልመልስ ብዘለው ሐቀኛ አልሆንም። አዲስ አበባ ውስጥ ውሻ የነከሰው ሰው ዛሬም «ፓስተር ሂድ» ይባላል፤ በሽታው ምልክቱን ካሳየ በኋላ ማዳኛ የለውም። በሽታው የሚያጠቃው ሰውን ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ትልቁ መንጋ ያለው ባሌ ተራሮች ላይ ነው። በ2003 እና 2004 እ.ኤ.አ. እረኞች ይዘዋቸው በሚወጡ ውሾች የመጣ የእብደት በሽታ ከዚያ መንጋ ብዙ ቀበሮ ፈጅቷል። ከዚያ በፊትም በኋላም ወረርሽኞች ተነስተዋል። ውሻ ከቀይ ቀበሮ ጋር ይዳቀላልም።

ታዲያ «ውሻ ይኑራችሁ» የሚል ሰው ለቀይ ቀበሮ ጠላት አይሆንም? ይሆናል፤ ውሻውን ሳይከትብ፣ ሳያበላ፣ ሳይቆጥር ካስቀመጠ። እኛ ያለን ውሻ እንዲህ ያለ ነው። ቀን ይታሰራል ወይም ይባረራል፣ ማታ ይለቀቃል፣ ምግቡን ራሱ ይፈልጋል። የሚዞር ውሻ ነው በሽታ የሚያነሳው፤ የሚዞረው ደግሞ ሳህኑ ባዶ ስለሆነ ነው። ዶሮ ቤት ሥር የሚበላና የሚተኛ፣ በየዓመቱ የሚከተብ ውሻ ወደ ተራራ የሚወጣበት ምክንያት የለውም። ቀይ ቀበሮ በሚኖርበት አካባቢ ክትባት ለሌለው ውሻ እኔም አልከራከርም፤ እዚያ በር ዘግቶ ዶሮን ቤት ማሳደር ይበልጣል።

እዚህ ላይ ውሻ ሁሉን ይፈታል የሚሉትንም ልንካ። ፈንግል ሲገባ ውሻ ምንም አያደርግም፤ በአገራችን ዶሮን የሚፈጀው ከሁሉ በላይ እሱ ነው፣ መልሱም ክትባት ነው። የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ጥላ፣ ከምታስፈለፍላቸው ጫጩቶች ሁለት ወር የሚሞላቸው ግማሽ ያህሉ ብቻ ሲሆኑ፣ የጠፋውን ሁሉ በአዳኝ ማሳበብ ራስን ማታለል ነው። በሩም ከውሻው ይቀድማል። ዶሮ በጨለማ አታይም፤ ቆጥ ላይ እንዳለች የሚነጥቃትን ትጠብቃለች እንጂ አትሸሽም። ማታ 12 ሰዓት ላይ ሳይዘጋ የቀረን በር ውሻ ሊተካው አይችልም። የዶሮ ሽቦ ብለን የምንገዛው ቀጭን ሽቦም ዶሮን ለማገት እንጂ አውሬን ለመመለስ አልተሠራም። ውሻው የሚመጣው እነዚህ ከተሟሉ በኋላ ነው፤ በሩን የረሳንበትን ሌሊት፣ ሽቦው የላላበትን ጥግ ለመሸፈን።

ከበግ ይልቅ ዶሮ ለውሻ ከባድ መሆኗንም እመሰክራለሁ። በግ ውሻን ትለምዳለች፣ አብራው ትተኛለች። ዶሮ ግን ሁልጊዜ ትራወጣለች። ስለዚህ ውሻው የሚጠብቀው ዶሮዋን ሳይሆን ቦታውን ነው፤ ቦታውን የራሱ ማድረግ ያለብን እኛ ነን። ቡችላው ከሁለት ወሩ ጀምሮ ሽቦ መሀል እያለ ዶሮዎቹን እያየ እዚያው ይብላ፣ እዚያው ይተኛ። ከስድስት ወር በኋላ ጎረምሳ ሲሆን ብቻውን አይተውም፤ አብዛኛው ውሻ የሚሳሳተው በዚያ ዕድሜ ነው፣ እኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ የምንገድለው በዚያች አንዲት ስህተት ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ጠባቂ ነው አይባልም። ለዶሮ ሁለት ዓመት ማን ይታገሣል? የሚታገሥ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

መቻል አርጅቶ ስለነበር አዲስ ትምህርት አልጀመርንም። ሰንሰለቱን ግን ፈታሁት። ከዶሮ ቤቱ ጀርባ ወደሚገኘው ጥግ እየሄደ ይተኛል፤ ዶሮዎቹን አያያቸውም፣ እነሱም እሱን። ክፍተቷን በድንጋይና በጭቃ መረግኋት። ሦስት ወር ሆነኝ፤ ከአዲሶቹ ዶሮዎች አንድም አልጎደለኝም። ይህ ማስረጃ አይደለም፤ ሸለምጥማጡ ለሌላ ሰው ቤት ሄዶ ይሆናል።

አዲስ ቡችላ አመጣሁ። አሁን አምስት ወር ከግማሽ ሆኖታል፤ ስም አላወጣሁለትም። ትናንት ከሰዓት በኋላ የዶሮ ቤቱን በር ሳልዘጋ ወደ ቧንቧው ሄድኩ። ስመለስ ከኋላ የምትቀረውን ነጭ ቄብ በግቢው ዙሪያ እያባረራት ነበር፤ አፉ ላይ ሁለት ላባ ነበር። ጮኽኩበት፣ ሮጥኩ፣ ያዝኩት። ቄቧ ከእንጨት ክምሩ ሥር ገብታ ተንጫጫች፣ ደህና ነበረች። ቀና ስል ጎረቤቴ አጥሩ ላይ ናቸው። ምንም አላሉም። አንድ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ቡችላውንም እኔንም እያፈራረቁ አዩን።

«ሁለት ዓመት ነው እማማ» አልኳቸው። «ገና አንድ ዓመት ከግማሽ ይቀረዋል።»

«እኔስ እስከዚያ እኖራለሁ?» አሉና ገቡ።

ቡችላውን ወደ ሽቦው ውስጥ መለስኩትና ዶሮዎቹን ቆጠርኩ። አሥራ አራት።